ስለ 194,313፦ የዐቢይ ቀመር ቀናት ቁጥር የሚነግረንና የማይነግረን



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሙሉ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 194,313 ነው። እኛ የሒሳብ ሰዎች ስለ ቁጥሮች በጅምላ መናገር ይቀናናል፤ «ማንኛውም ሙሉ ቁጥር» ብለን እንጀምርና አንዱንም ሳንነካ እንጨርሳለን። ዛሬ ግን አንዱን ብቻ ይዤ ከየት እንደ መጣ፣ በምን እንደ ተሠራ፣ ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል ለማሳየት እሞክራለሁ። ቁጥሩን የመረጥሁት በዘፈቀደ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የሚባለው የ532 ዓመት ዑደት እስኪጠናቀቅ ድረስ የሚያልፉት ቀናት ብዛት ነው።

ከቁጥሩ በፊት ቦታውን ላስቀድም። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ ቤተ ልሔም የምትባል ደብር አለች። አብዛኞቻችሁ ስሟን የምታውቁት በድጓ ነው። ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ ምስክር እንደ ሆነች ሁሉ፣ ለድጓ ምስክሯ ቤተ ልሔም ናት። ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሊቅ እንኳ ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ሲነሣ ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። የዜማ ጉባኤ ከቁጥር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ድጓ የተደራጀው በዓመቱ ሥርዐት ነው። መስቀል መስከረም 17 ቀን ይውላል፤ ማንም አይጠፋውም። ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ሆሣዕና፣ ትንሣኤ፣ ዕርገትና ጰራቅሊጦስ ግን በየዓመቱ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። መሪጌታው ጾመ ድጓውን የሚያነሣበትን ቀን ካላወቀ፣ ዜማውን ሁሉ በቃሉ ቢይዝም ማኅሌቱን ሊመራ አይችልም። ስለዚህ ዜማው ባለበት ሁሉ ስሌቱ አለ።

እኔ የተወለድሁት እስቴ ነው። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ጥቂት ዓመታት በአብነት ትምህርት ቤት ቆይቻለሁ። የኔታ በቤተ ልሔም ያስመሰከሩ የድጓ መምህር ነበሩ። በየዓመቱ የበዓላቱን ቀን የሚያወጡት ያለ ወረቀት፣ በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እየቆጠሩ ነበር። እኔም ደበሎዬን ለብሼ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ጣቶቻቸውን እመለከት ነበር። ያን ጊዜ የሚያደርጉት ሒሳብ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

ያን ስሌት በአንድ ዓመት ላይ እንሞክረው። 2018 ዓመተ ምሕረት ላይ 5,500 ዘመነ ብሉይን ስንደምር 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። 7,518 ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1,879፣ ቀሪው 2 ነው፤ ቀሪው 2 በመሆኑ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7,518 እና 1,879 ተደምረው ለ7 ሲገደፉ 3 ይቀራል፤ ከማክሰኞ ጀምረን ስንቆጥር ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ። 7,518 ለ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ ይህ መደብ ነው። አንዱን አትቶ 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12 ይወጣል፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው ስሌቱ አለመሳሳቱን ያረጋግጣል። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ተደምረው 25 ይሆናሉ። ስለዚህ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሆነ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ላይ ዋለ።

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ ስንት ጊዜ ለካን? አንድም ጊዜ። ሰማይ አላየንም፤ ጥላ አልለካንም፤ ያደረግነው ማካፈልና ቀሪውን መያዝ ብቻ ነው። ካርል ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ በሥርዐት ያስቀመጠውንና ዛሬ ሞዱላር አርትሜቲክ የምንለውን ትምህርት፣ የአብነት ተማሪ «ግደፍ» በሚለው አንድ ግሥ ሲሠራበት ኖሯል። ቲዎረሙን በምልክት ጽፎ አላስቀመጠውም፤ በቀሪ ማሰብን ግን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዑደቶቹ እንለፍ። ባሕረ ሐሳብ ሰባት ዐውዶችን ይቆጥራል። ዐውደ ዕለት 7 ቀን ነው። ዐውደ ወርኅና ዐውደ ዓመት ይከተላሉ። ከዚያ ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት፣ ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት፣ ዐውደ ማኅተም 76 ዓመት፣ በመጨረሻም ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነው። እነዚህን በቀናት ስንመነዝራቸው ውስጣቸው ይታያል።

አራቱ ወንጌላውያን አንድ ጊዜ ሲዞሩ፣ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ 6 የምትሆነውን ጳጉሜን ጨምሮ፣ 1,461 ቀን ይሞላል። 1,461 ለ7 ሲገደፍ 5 ይቀራል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በኋላ መስከረም 1 በዚያው ዕለት አይውልም፤ አምስት ዕለት ይገፋል። ወደ ዕለቱ የሚመለሰው አራቱ ዓመት ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ነው፤ ይህም 28 ዓመት ነው። ጨረቃ ደግሞ በ19 ዓመት 235 ጊዜ ትወለዳለች። 19 ዓመት ግን በቀን ሲቆጠር 6,939 ከሦስት አራተኛ ነው፤ ሙሉ ቀን አይሆንም። ክፍልፋዩን ለማጥፋት በ4 ማባዛት ያስፈልጋል፤ 76 ዓመት 27,759 ሙሉ ቀን ነው። በግሪኮች ዘንድ ይህን ዑደት ካሊፑስ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት አውጥቶታል። እኛ ዘንድ ዐውደ ማኅተም ይባላል።

27,759 ቀን ለ7 ሲገደፍ ደግሞ 4 ይቀራል። ስለዚህ 76 ዓመት ሲሞላ ወንጌላዊውና አበቅቴው ይመለሳሉ፤ ዕለቱ ግን አራት ይገፋል። ሦስቱም አንድ ላይ እንዲመለሱ 76 ዓመት ስንት ጊዜ ይደጋገም? 4 በስንት ቢባዛ ለ7 ይካፈላል? 7 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 4ን አያካፍልም፤ ስለዚህ ከ7 ጊዜ በታች ሊሆን አይችልም። 7 ጊዜ 76 ዓመት 532 ዓመት ነው፤ 7 ጊዜ 27,759 ቀን ደግሞ 194,313 ቀን ነው። ቁጥራችን ተወለደ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሙሉ ማረጋገጫ ነው። 532 ከሚበቃው በላይ አይደለም፤ ከዚያ ያነሰ ቁጥርም አይገኝም። ምክንያቱም 4፣ 7 እና 19 እርስ በርስ የሚጋሩት አካፋይ ከ1 በቀር የላቸውም፤ ስለዚህም ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ራሱ ብዜታቸው ነው። የጨረቃዋ ዑደት በ19 ፈንታ 21 ዓመት ቢሆን ኖሮ ከ28 ጋር 7ን ይጋራ ነበር፤ ዑደቱም በ84 ዓመት ባለቀ ነበር። አንዱ የሌላውን መንገድ አለመጋራቱ ነው ዑደቱን ያረዘመው።

ይህ ርዝመት ለምን ይጠቅማል? ወንጌላዊው 4 ዓይነት፣ ዕለቱ 7 ዓይነት፣ ወንበሩ 19 ዓይነት ነው። ሦስቱን ስናጣምር 4 × 7 × 19 = 532 ጥምረት ይኖራል፤ በዑደቱ ውስጥ ያሉት ዓመታትም 532 ናቸው። እያንዳንዱ ዓመት የራሱ የሆነ፣ ከሌላ የማይጋራው የሦስትዮሽ ስም አለው ማለት ነው። በዓለም ላይ ይህ እውነት የቻይና ቀሪ ቲዎረም ተብሎ ይታወቃል፤ ስሙን ያገኘው ሱን ዙ በሚባል ጥንታዊ የቻይና ሊቅ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ካለ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ግን በብራና መጻሕፍት ላይ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ጸሐፊው መጽሐፉን ሲፈጽም «በዘመነ ማርቆስ፣ አበቅቴ ይህን ያህል፣ ዕለቱ ይህ» ብሎ ይዘጋል። ዓመቱን በቁጥር ባይጽፍም ዓመቱን ጽፎታል።

እንፈትነው። አንድ የብራና መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ዘመነ ማርቆስ፣ አበቅቴ 12፣ መስከረም 1 ሐሙስ የሚል አገኘን እንበል። አበቅቴ 12 ከሆነ ወንበሩ 12፣ መደቡ 13 ነው፤ ሌላ ወንበር ይህን አበቅቴ አይሰጥም፤ ምክንያቱም 11 እና 30 የጋራ አካፋይ የላቸውም። ለ19 ሲገደፍ 13፣ ለ4 ሲገደፍ ደግሞ 2 የሚተርፈው ቁጥር 70 ነው። ከዚያ 76 እየጨመርን ብንሄድ በዑደቱ ውስጥ ሰባት እጩዎች አሉ፦ 70፣ 146፣ 222፣ 298፣ 374፣ 450 እና 526። የእነዚህ መስከረም 1 ቀን በቅደም ተከተል ሐሙስ፣ ሰኞ፣ ዓርብ፣ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ረቡዕና እሑድ ነው። ሰባት ዓመት፣ ሰባት ዕለት፤ አንዱም አልተደገመም። ጸሐፊው ሐሙስ ስላለ ዓመቱ የዑደቱ 70ኛ ዓመት ነው። አሁን ያለንበት ዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ 70ኛው ዓመት 2018 ነው። ቀለሙ ያረጀ ከሆነ ደግሞ 532 ቀንሰን 1486 ዓ.ም.፣ ማለትም የዐፄ እስክንድር ዘመን ላይ እንደርሳለን። በዚያ ዓመትም ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ውሎ ነበር። ጸሐፊው ዕለቱን ባይጽፍ ኖሮ ግን ሰባት ዓመታት እኩል ዕጩ ሆነው በቀሩ ነበር። አንዲት ቃል ስትጠፋ በታሪክ ውስጥ የ76 ዓመት ጥርጥር ይከፈታል። በዚህ መስክ ኦቶ ኖይገባወርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሠሩትን የምታነቡ ሁሉ፣ የታሪክ ሰው ለምን ቀሪ መቁጠር እንዳለበት ትረዳላችሁ።

እስከዚህ ድረስ የነገርኋችሁ ሁሉ ምክንያት ያለው ነው። አሁን ምክንያት ወደሌለው እንሻገር፤ የምናዘዘውም ነገር እዚያ አለኝ።

194,313ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ስንበትነው 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። 7 የሳምንቱ ነው፤ 19 የጨረቃዋ ነው፤ 3 እና 487 ደግሞ ከ1,461 የመጡ ናቸው፤ 1,461 = 3 × 487 ነውና። እነዚህን አራት ቁጥሮች ከእያንዳንዳቸው 1 ቀንሳችሁ ተመልከቷቸው። 2፣ 6፣ 18፣ 486። ሁሉንም ለ2 አካፍሏቸው፤ 1፣ 3፣ 9፣ 243። አራቱም የ3 ርቢዎች ናቸው። ማለትም 1፣ 3፣ 9 እና 243ን በ2 አባዝተን 1 ስንጨምርበት የቁጥራችንን ብቸኛ አካፋዮች በሙሉ እናገኛለን።

ከዚህ የሚከተሉ ነገሮች አሉ። ከ194,313 በታች ሆነው ከእርሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት፣ በኦይለር ደንብ መሠረት፣ 2 × 6 × 18 × 486 ነው። ይህ 104,976 ነው፤ 104,976 ደግሞ 18 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። ሌላም አለ። 1 ለ7 ሲካፈል አስርዮሹ 142857 እያለ በየ6 አኃዙ ይደጋገማል። 1 ለ19 በየ18 አኃዙ፣ 1 ለ487 ደግሞ በየ486 አኃዙ ይደጋገማል። 6 እና 18 ሁለቱም 486ን ስለሚያካፍሉ፣ 1 ለ194,313 ሲካፈል የሚወጣው አስርዮሽም በየ486 አኃዙ ይደጋገማል። 487 በራሱ እንግዳ ቁጥር ነው፤ 1 ለ487 ስኩዌር ሲካፈልም ድግግሞሹ ያው 486 አኃዝ ነው፤ አይረዝምም። ከ2 እና ከ5 በቀር ካሉት ብቸኛ ቁጥሮች ይህን ጠባይ የሚያሳየው የመጀመሪያው 3 ነው፤ ሁለተኛው 487 ነው፤ ሦስተኛው 56,598,313 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተባዝተው የአራት ዓመታችንን ቀናት ሰጡ።

ይህን ባየሁበት ወራት ወጣት መምህር ነበርሁ። ደስታዬን መያዝ አልቻልሁም። ክፍል ገብቼ በጥቁር ሰሌዳው ላይ 1፣ 3፣ 9፣ 243 ጻፍሁና «ይህ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም፤ አባቶቻችን የቁጥሩን ምሥጢር ያውቁ ነበር» አልሁ። ተማሪዎቹ ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ 27 እና 81 የት ሄዱ?» አለ።

27 በ2 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት 55 ነው፤ 55 ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ ቀረ ብዬ መለስሁለት።

«81ስ? 81 በ2 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት 163 ነው። 163 ብቸኛ ቁጥር ነው። ምሥጢሩን የሚያውቁ ከሆነ ለምን ተዉት?»

መልስ አልነበረኝም። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ስለ ሌላ ነገር ተናገርሁ፤ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ትክክል ነበር። ይልቁንም እርሱ ካሰበው በላይ ትክክል ነበር። 7 የመጣው ሰዎች ሳምንትን ሰባት ቀን ካደረጉበት ልማድ ነው። 19 የመጣው የጨረቃ ወራትና የፀሐይ ዓመት ሊገጥሙ ከሚቀርቡበት ዘመን ነው። 3 እና 487 የመጡት ደግሞ ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ነው ከሚለው ውሳኔ ነው፤ ትክክለኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚያ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። 487ን የፈጠረችው ፀሐይ አይደለችም፤ የእኛ ማጠጋጋት ነው። ሦስት የማይተዋወቁ ምንጮች አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያመጡ ግጥጥሞሽ እንጂ ሴራ አይደለም።

ግጥጥሞሽ መሆኑን የሚፈትን ቀላል መንገድም አለ፤ የጎረቤትን ቁጥር ማየት ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ400 ዓመት 146,097 ቀን አለው። ይህ ቁጥር 3 × 3 × 3 × 7 × 773 ነው። 773 ላይ 1 ቀንሳችሁ ብትበትኑት 4 × 193 ይሆናል፤ የ3 ርቢ በአጠገቡም አላለፈም። አቆጣጠሩ ግን በዚህ ምክንያት አልተበላሸም። ለአቆጣጠር የሚያስፈልገው ቁጥሩ ለ7 መካፈሉ ነው፤ የተቀረው ለእኛ ለተመልካቾቹ ጌጥ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ስሕተቴን የምነግራችሁ ለትሕትና ብዬ አይደለም። ዛሬ በአገራችን ስለ ጥንታዊ ዕውቀታችን ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ተረት ነው» ይላል፤ ሌላው በየቁጥሩ ምሥጢር ያያል። ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ስሌቱን ሳይሠሩ ያልፋሉ። እኔ በዚያ ቀን የቆምሁት ከሁለተኞቹ ጋር ነበር። አባቶችን ያከበርሁ መስሎኝ፣ ያላሰቡትን አሰቡ እያልሁ ያሰቡትን ሸፈንሁባቸው። ያሰቡት ነገር 4፣ 7 እና 19 ሲሆን፣ እርሱም ከ487 ግጥጥሞሽ ይልቅ ክብር ይገባዋል፤ ለምን እንደሚሠራ ማረጋገጥ ይቻላልና። እነሆ ቅድም አረጋገጥነው። የግጥጥሞሹ ነገርም ቢሆን አይጣልም፤ 486 አኃዝ የሚለው ውጤት የተረጋገጠ እውነት ነው። ያልተረጋገጠው፣ ሊረጋገጥም የማይችለው፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ አስቀመጠው የሚለው ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እርሱም የኔታን ይመለከታል። ዶክትሬቴን ጨርሼ ስመለስ ልጠይቃቸው ሄድሁ። አርጅተው ነበር። ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠን፣ ያን ሁሉ ዘመን በጣታቸው የሠሩትን በቲዎረም ላሳያቸው ፈለግሁ። በበትራቸው ጫፍ አፈሩ ላይ 4፣ 7፣ 19 ጻፍሁና ለምን ከ532 በታች እንደማይሆን አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

«ልክ ነህ ልጄ» አሉኝ። «ቁጥሩ እንደማይሳሳት አሳየኸኝ። ጨረቃዋ እንደማትሳሳት ግን ማን አሳየህ?»

«እንዴት የኔታ?»

«እኔ ሰማይ አያለሁ። ስሌቱ ገና ነው ሲለኝ እሷ ሞልታ ትጠብቀኛለች።»

ወደ ቤቴ ተመልሼ አሰላሁት። በ532 ዓመት ውስጥ 28 ጊዜ 235፣ ማለትም 6,580 የጨረቃ ወራት አሉ። 194,313 ቀን ለ6,580 ሲካፈል አንዱ ወር 29.53085 ቀን ይሆናል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚለኩት አማካይ ወር ግን 29.53059 ቀን ነው። ልዩነቱ በወር 23 ሰከንድ ያህል ነው። 23 ሰከንድ ማንም አያየውም። 6,580 ጊዜ ሲደመር ግን 1 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ከአንድ ዐቢይ ቀመር በላይ ሲቆይ ደግሞ ሰማይ የሚመለከት ሽማግሌ በዓይኑ ያየዋል። በፀሐይ በኩልም እንዲሁ በ532 ዓመት ከ4 ቀን ጥቂት ያለፈ ልዩነት ይከማቻል። የኔታ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ቲዎረሙን በስሙ አያውቁትም፤ ነገር ግን እኔ ሳላነሣው ያለፍሁትን ጥያቄ አነሡት። ቁጥሩ በራሱ ውስጥ ፍጹም ነው፤ የሰማዩ ምስል ሆኖ ሲቀርብ ግን ግምት ነው።

ይህን ግምት ለማረም የሚከፈለውን ዋጋም ማወቅ ይገባል። በ1582 እ.ኤ.አ. የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዐሥር ቀን ዘልሎ ራሱን ከሰማይ ጋር አስታረቀ። በዚህ ምክንያት ግን በዚያ አቆጣጠር የትንሣኤ ቀናት ቅደም ተከተል ከመነሻው የሚደገመው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው። የእኛው በ532 ዓመት ይመለሳል። አንዱ ወደ ሰማይ ቀረበ፤ ሌላው በሰው ጣት ላይ መቆጠር የሚችል ሆኖ ቀረ። የትኛው ይሻላል ለማለት አልቆምሁም፤ ያ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። የሒሳብ ሰው ድርሻ ዋጋውን በሁለቱም ወገን በትክክል ማስላት ነው።

ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት ሁለት አደራ ልስጣችሁ። የመጀመሪያው ለታሪክና ለቅርስ ተማሪዎች ነው። ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ወጥታችሁ የብራና መጽሐፍ ፎቶ ስታነሡ የመጨረሻዋን ገጽ አትለፏት። ወንጌላዊውን፣ አበቅቴውንና ዕለቱን ሦስቱንም መዝግቡ። ሁለቱን ብቻ ከመዘገባችሁ ሰባት ዓመታትን አምታታችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ለሒሳብ ተማሪዎች ነው። በዐቢይ ቀመር ውስጥ ዘመነ ዮሐንስ የሆነ፣ አበቅቴው አልቦ የሆነ፣ መስከረም 1 ቀን ማክሰኞ የዋለ አንድ ዓመት አለ። የስንተኛው ዓመት እንደ ሆነ አውጡና በሚመጣው ሳምንት አምጡልኝ። ኮምፒውተር አትክፈቱ። የኔታ ቢሆኑ ኖሮ ጣታቸው ይበቃቸው ነበር።